‹ብላይቲ›፦ የባዕድ አገር ስም የአገር ቤት ስም የሆነበት መንገድ

የቃላትን ታሪክ የሚያጠና ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን ይዞ ይነሣል፤ ቃሉ ከየት መጣ? ለመጀመሪያ ጊዜ በጽሑፍ የታየውስ መቼ ነው? ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ ብቻቸውን ግን ሙሉ ታሪክ አይሰጡም። አንዳንድ ቃላት ከፍቺያቸው ጋር የተናጋሪውን መቆሚያ ጭምር ተሸክመው ይጓዛሉና። «ወዲህ» እና «ወዲያ» የሚሉትን ቃላት ተናጋሪው የት እንደቆመ ሳያውቅ ሊፈታ የሚችል የለም። አገርን የሚሰይሙ ቃላትም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ናቸው፤ ስለ ተሰየመው አገር የሚነግሩንን ያህል፣ ሰያሚው ያንን አገር ከየት ሆኖ እንደሚያየው ይነግሩናል።

ለዚህ አሳብ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ጉልህ የሆነው ‹ብላይቲ› የተባለው የእንግሊዝ የአራዳ ቃል ነው። ቃሉ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በወታደሮች አፍ የገነነ፣ ከዚያ በኋላ ያረጀ፣ ደግሞም በየዘመኑ እየተነሣ እስከ ዛሬ የዘለቀ ነው። ፍቺው «እንግሊዝ፣ የናፈቀችው አገር ቤት» ማለት ነው። የተወለደው ግን በእንግሊዝ አይደለም፤ እንግሊዛውያን ገዥዎች በነበሩበት በሕንድ ነው። በዚያም ትርጉሙ «የባዕድ አገር» ነበር። የዚህ ጽሑፍ ክርክር የሚከተለው ነው፦ የ‹ብላይቲ› ታሪክ የድምፅ ለውጥ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የመቆሚያ ለውጥ ታሪክ ነው፤ ቃሉ ዳግም በተነሣ ቁጥርም መቆሚያው እንደገና ተለውጧል። ይህንን ሳይመዘግቡ «ቃሉ ከሕንድ የተወሰደ ነው» ብሎ ማለፍ የሥርወ ቃል ጥናትን ወደ ጉምሩክ መዝገብ ያወርደዋል። ለንባብ እንዲመች በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የቃሉ ሥር

የቃሉ የመጨረሻ ምንጭ ዐረብኛ ነው። ‹ዊላያ› የሚለው የዐረብኛ ስም «ግዛት፣ ሥልጣን፣ አውራጃ» ማለት ሲሆን የሚወጣውም መቅረብንና ማስተዳደርን ከሚያመለክተው ሥር ነው። በአገራችን ሙስሊሞች ዘንድ ለአላህ የቀረበ ቅዱስ ሰው የሚጠራበት ‹ወሊ› የሚለው ቃል ከዚያው ሥር የበቀለ ነው። የኦቶማን ቱርኮችም የአስተዳደር ክፍሎቻቸውን በዚሁ ስም ይጠሩ ነበር።

ቃሉ በፋርስኛ በኩል ወደ ሕንድ ክፍለ አህጉር ሲገባ ‹ቪላያት› ሆነ። በዚህ ጉዞ ፍቺው ያሳየው መወዛወዝ አስደናቂ ነው። ሄንሪ ዩልና አርተር በርኔል የሕንድ እንግሊዛውያንን አነጋገር ሰብስበው ያዘጋጁት ‹ሆብሰን-ጆብሰን› የተባለው መዝገበ ቃላት በ1886 ታትሟል። አዘጋጆቹ እንደመዘገቡት አፍጋኖች የገዛ አገራቸውን በዚህ ስም ሲጠሩ፣ በሕንድ ግን ያው ቃል የሩቋ አውሮፓ መጠሪያ ሆኗል። እንግዲህ ‹ቪላያት› ገና ወደ እንግሊዝኛ ሳይገባ በአንዱ አፍ «አገሬ»፣ በሌላው አፍ «የሰው አገር» የማለት ጠባይ ነበረው። «ቅርብነት»ን ከሚያመለክት ሥር የበቀለ ቃል የሩቅ አገር ስም መሆኑም በራሱ የሚያስተምረው ነገር አለ፤ የቃል ዕጣ በሥሩ አይወሰንም።

ቃሉ የእንግሊዝ አገር ስም ሆኖ ያገለገለበትን ጥንታዊ ማስረጃ ለማግኘት የእንግሊዞችን መዛግብት ብቻ መመልከት አይበቃም። ሚርዛ ኢቴሳሙዲን የተባለ የቤንጋል ሊቅ በ1766 ወደ እንግሊዝ ተጉዞ ከተመለሰ በኋላ የጉዞ ታሪኩን በፋርስኛ ጽፏል፤ የመጽሐፉም ርእስ ስለ ቪላያት አስደናቂ ነገሮች የሚናገር ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሚታዘበው ሕንዳዊ ነው፤ የሚታየው፣ የሚገርመውና እንግዳ የሚሆነው የእንግሊዝ አገር ነው። ይህ መቆሚያ ሊሰመርበት ይገባል፤ የቃሉ የመጀመሪያ ባለቤቶች እነማን እንደነበሩ የሚያሳየው እርሱ ነውና።

ከ‹ቪላያት› የወጣው ቅጽል ‹ቪላያቲ› ነው፤ በብዙ የሰሜንና የምሥራቅ ሕንድ አፎች ‹ቢላያቲ›፣ በቤንጋልኛም ‹ቢላቲ› ይባላል። ቅጽሉ ከባሕር ማዶ የመጣን ዕቃ ሁሉ ለመለየት ያገለግል ነበር። እንግሊዞች ያመጡት በጋዝ የሚፈላ ውሃ «ቢላያቲ ውሃ» ተባለ፤ ቲማቲም በቤንጋል «ቢላቲ ደበርጃን» ተባለ። ለአማርኛ ተናጋሪ ይህ አሰያየም እንግዳ አይደለም። እኛም «የፈረንጅ ጥድ»፣ «የፈረንጅ ዶሮ»፣ «የፈረንጅ ላም» እንላለን። የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዛፍ መገኛው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ እንጂ አውሮፓ አይደለም፤ ቲማቲምም እንዲሁ ከአሜሪካ የመጣ እንጂ የእንግሊዝ ተክል አይደለም። በሁለቱም ቋንቋዎች ቅጽሉ የሚናገረው ነገሩ ከየት እንደመጣ ሳይሆን የእኛ አለመሆኑን ነው።

ይህ «የእኛ አይደለም» ባይነት በ1905 ፖለቲካ ሆነ። የእንግሊዝ መንግሥት ቤንጋልን ለሁለት በከፈለ ጊዜ የስዋዴሺ ንቅናቄ ተነሣ፤ ሕዝቡ የአገሩን ምርት እንዲገዛና የ‹ቢላቲ› ጨርቅ እንዳይገዛ ጥሪ ቀረበ፤ የባዕድ ጨርቅም በአደባባይ ተቃጠለ። ከዐሥር ዓመት በኋላ በፈረንሳይና በቤልጂየም ጭቃ ውስጥ የእንግሊዝ ወታደሮች የዚያኑ ቃል ዘር በናፍቆት ይጠሩት ነበር። በአንድ ግዛት ሥር፣ በዐሥር ዓመት ልዩነት፣ አንድ ቃል በአንዱ ወገን የእምቢታ፣ በሌላው ወገን የእንባ ቃል ሆነ። እኔ የማውቀው መዝገበ ቃላዊ ፍቺ ይህንን ያህል ርቀት በአንድ መስመር ሊይዝ አይችልም።

ከቢላያቲ ወደ ብላይቲ

የድምፁን ለውጥ ለማስረዳት ብዙ ቦታ አያስፈልግም። የመጀመሪያው ‹ቪ› በሕንድ አፎች ራሱ ‹ቢ› ሆኗል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ አጽንዖት የማይሰጠውን የመጀመሪያ አናባቢ ሲውጠው ‹ቢላ› ወደ ‹ብላ› ተሰበሰበ፤ የቀረውም ‹ያ› ከጎረቤቱ ጋር ተዋህዶ ‹ላይ› ተባለ። መጨረሻ ላይ ያለው ‹ቲ› ግን ለቃሉ ያልታሰበ ጸጋ አመጣለት። በእንግሊዝኛ በዚህ ድምፅ የሚያልቁ ብዙ ቃላት የማቆላመጫ ቃላት ናቸው፤ እናትን፣ አባትንና ሕፃንን በፍቅር የሚጠሩባቸው ቃላት እንዲህ ያልቃሉ። የሕንድ ቋንቋ የቅጽል መድረሻ በእንግሊዙ ጆሮ የፍቅር ቅጥያ መሰለ። አንድ የባዕድነት ቅጽል የአገር ቤት ቁልምጫ ለመሆን ከድምፁ የተነሣ ዝግጁ ነበር ማለት ነው።

ቃሉን የተቀበሉት ደግሞ ሊቃውንት አልነበሩም። በሕንድ ሰፈር ያደረጉ ተራ የእንግሊዝ ወታደሮች ነበሩ። እነዚህ ወታደሮች ከሕንዳውያን ጋር አብረው በኖሩባቸው ዓመታት የሰበሰቧቸው ቃላት ጥቂቶች አይደሉም። «ካኪ» ከፋርስኛው የአፈር ስም የወጣ ነው፤ ሃሪ ለምስደን በ1846 በፔሻዋር ያቋቋመው ጦር በለበሰው አፈር መሰል ልብስ ምክንያት ወደ ዓለም ሁሉ ተሰራጭቶ በአማርኛችን ሳይቀር የጨርቅና የፖስታ መጠሪያ ሆኗል። ‹ሆብሰን-ጆብሰን› የሚለው የመዝገበ ቃላቱ ርእስ ራሱ የእንግሊዝ ወታደሮች ሙስሊሞች በሙሐረም ሥርዓት «ያ ሐሰን! ያ ሑሴን!» እያሉ የሚያሰሙትን ጩኸት አዛብተው የሰሙበት ነው። የወታደር ቤት ቋንቋ እንዲህ ነው፤ ያልገባውን ድምፅ ወደሚገባው ድምፅ ይጎትታል፤ ከጎተተ በኋላም የጎተተበትን ቦታ ይረሳል።

ምሽጉና ቁስሉ

ቃሉን ከጥቂት የሕንድ ነባር ወታደሮች አፍ አውጥቶ የመላው ሕዝብ ያደረገው በ1914 የጀመረው ጦርነት ነው። ነባሮቹ ወታደሮች ወደ ፈረንሳይ ሲዘምቱ ቃላቸውን ይዘው ሄዱ፤ ከየፋብሪካውና ከየእርሻው የመጡት አዳዲስ ምልምሎች ከእነርሱ ተማሩት። በ1916 ‹ብላይቲ›ን በርእሱ የያዘ ዘፈን በሙዚቃ አዳራሾች ገነነ፤ በዚያው ዓመት ቃሉን ስሙ ያደረገ የቀልድ መጽሔት ለወታደሮች መታደል ጀመረ። ከጦርነቱ በኋላ በ1925 ፍሬዘርና ጊበንስ፣ በ1930 ደግሞ ብሮፊና ፓርትሪጅ የወታደሩን አነጋገር በመጽሐፍ ሲሰበስቡ ቃሉ ታሪክ ወደ መሆን ተቃርቦ ነበር።

የምሽጉ ‹ብላይቲ› አንድ ልዩ አገባብ ነበረው፤ እርሱም ከአገር ስምነት አልፎ የቁስል ስም መሆኑ ነው። «የብላይቲ ቁስል» የሚባለው ሕይወትን የማያጠፋ፣ አካልንም ፈጽሞ የማያጎድል፣ ነገር ግን ወታደሩን ወደ እንግሊዝ ለመላክ የሚበቃ ቁስል ነበር። ወጣቶች እንዲህ ያለ ቁስል ይመኙ ነበር፤ ሆን ብሎ ራሱን ያቆሰለ ግን በጦር ፍርድ ቤት ይቀጣ ነበር። የገዛ ሥጋን መሰበር የቤት መግቢያ ዋጋ አድርጎ መቁጠር ምን ያህል መከራ እንዳለበት ለማሰብ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልግም። ስለዚህ የቃሉን የናፍቆት መልክ አቃልዬ ማየት አልፈልግም። ቃሉን ያገነኑት አብዛኞቹ ገዥዎች ሳይሆኑ የታዘዙ ድሆች ነበሩ።

የሆነ ሆኖ በዚያው ምሽግ ውስጥ ቃሉን ከእናታቸው አፍ የሰሙ ሌሎች ወታደሮችም ነበሩ።

ያው ቃል በሌላ አፍ

የሕንድ ጦር የላሆርና የሜሩት ክፍለ ጦሮች ከመስከረም 1914 መጨረሻ ጀምሮ በማርሴይ ወደብ ወረዱ፤ በኢፕርና በነቭ ሻፔል ተዋጉ። በጦርነቱ ዘመን በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሕንዳውያን ከአገራቸው ውጭ አገልግለዋል። ከምዕራቡ ግንባር የቆሰሉት ብዙዎቹ ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ በብራይተን ከተማ የሚገኘው የቀድሞ ነገሥታት መዝናኛ ቤተ መንግሥት ከ700 በላይ አልጋዎች ያሉት ሆስፒታል ሆኖ ተቀበላቸው። ቤተ መንግሥቱ የሕንድን ጉልላቶች አስመስሎ የተሠራ ነው። የሕንድ ቁስለኞች በእንግሊዝ ምድር፣ የሕንድን ሕንፃ በሚያስመስል ጣራ ሥር ተኙ።

እዚህ ላይ ቃሉ ሁለት ፊቱን በአንድ ጊዜ ያሳያል። ከብራድፎርድ ወይም ከግላስጎው የመጣ ወታደር «የብላይቲ ቁስል» ሲያገኝ ወደ እናቱ ቀረበ ማለት ነው። ከፑንጃብ የመጣ ወታደር ያንኑ የመሰለ ቁስል ሲያገኝ ግን የሚላከው ወደዚያው ወደ ቪላያት ነበር፤ ለእርሱ ቪላያት አገር ቤት ሳይሆን የባዕድ አገር ነው። መርከቡ አንድ፣ ወደቡ አንድ፣ የመድረሻውም ስም በሥሩ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን ተቃራኒ። ለየእምነቱ የተለየ ማእድ ቤት ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ በከተማይቱ በነበሩት የሕንዳውያን ሆስፒታሎች ግን ቁስለኞቹ እንደ ልባቸው ወጥተው እንዳይመላለሱ ገደብ ተጥሎባቸዋል። ካገገሙም በኋላ ብዙዎች ወደ ቤታቸው ሳይሆን ወደ ግንባር ተመልሰዋል፤ ይህም በሳንሱር መርማሪዎች እጅ ባለፉት ደብዳቤዎቻቸው ውስጥ ተደጋግሞ የሚነበብ ቅሬታ ነው። የእነዚህ ደብዳቤዎች ቅንጭቦች በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ይገኛሉ፤ ዴቪድ ኦሚሲም ብዙዎቹን በ1999 በመጽሐፍ አሳትሟቸዋል።

በብራይተን አቅራቢያ ባለው ኮረብታ ላይ 53 የሂንዱና የሲክ ወታደሮች አስከሬን በእምነታቸው ሥርዓት ተቃጥሏል፤ በስፍራው የተሠራው ነጭ የእምነ በረድ መታሰቢያም በ1921 ተመርቋል። ‹ብላይቲ›ን ያወረሱት ሰዎች በብላይቲ አፈር ላይ ዐመድ ሆነው ቀርተዋል። የቃሉን የጦርነት ታሪክ የሚተርክ ማንኛውም ጽሑፍ ምሽጉን ጠቅሶ ይህንን ኮረብታ ካልጠቀሰ ግማሽ ታሪክ ተርኳል ባይ ነኝ።

ሦስት ትንሣኤዎች

ስለ ያረጀ ቃል መነሣት ስንናገር ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ተኝቶ እንደነቃ አድርገን እናስባለን። የ‹ብላይቲ› ታሪክ ይህንን ምሳሌ አይደግፍም። ቃሉ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል፤ በተነሣ ቁጥርም ሌላ ሆኖ ነው የተነሣው።

የመጀመሪያው ትንሣኤ በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የሆነው ነው። የቀልድ መጽሔቱ በዚያው ስም ዳግም ታተመ፤ የአባቶች ቃል ለልጆች ተሰጠ። በዚህ ጊዜ የቃሉ መቆሚያ ብዙም አልተለወጠም፤ ተናጋሪው አሁንም ከባሕር ማዶ ያለ ወታደር ነው። አዲስ ነገር ቢኖር ቃሉ ከተራ የወታደር አነጋገርነት ወደ ቅርስነት መሸጋገሩ ነው።

ሁለተኛው ትንሣኤ የምጸት ነው። በ1962 በወጣው ‹ዘ ኤል-ሼፕድ ሩም› በተባለው ፊልም ውስጥ ተዋናይቷ ሲሲሊ ኮርትኒጅ የ1916ቱን ዘፈን ትዘፍናለች፤ የማንቸስተሩ የሙዚቃ ቡድን ‹ዘ ስሚዝስ› ደግሞ በ1986 ያንን ድምፅ ወስዶ የአልበሙ መክፈቻ አደረገው። አልበሙ በርእሱ የንግሥቲቱን መሞት የሚያውጅ ነው። እዚህ ‹ብላይቲ› የሚጠራው ስለሚናፍቅ ሳይሆን፣ የናፍቆቱ ዓላማ የሆነችው አገር ከእንግዲህ የለችም ለማለት ነው። ቃሉ ከአፍቃሪ አፍ ወደ ተሳላቂ አፍ ገባ።

ሦስተኛው ትንሣኤ የንግድ ነው። ዩኬቲቪ የተባለው ድርጅት በ2009 ስለ እንግሊዝ ሕይወት የሚያወሳ የቴሌቪዥን ጣቢያ ‹ብላይቲ› በሚል ስም ከፈተ፤ ጣቢያው በ2013 ተዘጋ። ዛሬም ስሙ በሻይ ቤትና በስጦታ ዕቃ ላይ ይታያል። የዚህ ጽሑፍ ዋና አሳብ ያለው እዚህ ነው። ከሕንድ ሰፈር እስከ ፈረንሳይ ምሽግ ድረስ ‹ብላይቲ› ሁልጊዜ ከሩቅ የሚነገር ቃል ነበር። ዛሬም በአውስትራሊያ ወይም በስፔን የሚኖር እንግሊዛዊ ፈገግ እያለ ሲናገረው ይህ ጠባዩ ይታያል። በቴሌቪዥኑ ጣቢያ ስም ግን ቃሉ የተነገረው በለንደንና በሊድስ ሳሎናቸው ውስጥ ለተቀመጡ፣ ከአገራቸው ወዴትም ላልሄዱ ሰዎች ነው። ታዲያ ርቀቱ የት ሄደ? ርቀቱ አልጠፋም፤ ከቦታ ወደ ጊዜ ተዛወረ እንጂ። አዲሱ ተናጋሪ ከእንግሊዝ የራቀ ሳይሆን «ከድሮዋ እንግሊዝ» የራቀ ነው። ባሕሩን ዓመታት ተኩት።

ይህ መዛወር ዋጋ አለው። የቦታ ርቀት መሐል ላይ ሌሎች ሰዎችን ያስቀምጣል፤ ተናጋሪው ከአገሩ ርቆ በማን ምድር እንዳለ ያስታውሰዋል። የጊዜ ርቀት ግን መሐሉን ባዶ ያደርገዋል። በዚህ ባዶ ቦታ ሕንድ ትጠፋለች፤ ፑንጃባዊው ወታደር ይጠፋል፤ ቃሉ የንጹሕ እንግሊዝነት ማኅተም መስሎ ይቀራል። በ2018 በሰሜን ለንደን ስሙ ‹ብላይቲ›ን የያዘ፣ በዊንስተን ቸርችል ምስል ያጌጠ አንድ ካፌ ውስጥ ተቃዋሚዎች ገብተው ቅኝ ግዛትን እያወደሰ ነው ሲሉ ተቃውመው ነበር። ውዝግቡ የዞረው በቸርችል ዙሪያ ነው። ነገር ግን በዚያ ቤት ከነበሩት ምልክቶች ሁሉ የግዛቱን ታሪክ በጥልቀት የሚመሰክረው በግድግዳው ላይ የተሳለው ሰው ሳይሆን በደጁ ላይ የተጻፈው ቃል ነበር። ቃሉ ለአወዳሹም ለተቃዋሚውም የሚበቃ ማስረጃ በሆዱ ይዟል፤ ጠያቂ ካገኘ።

ሁለት ተቃውሞዎች

በዚህ አቋም ላይ ሊነሡ የሚችሉ ሁለት ጽኑ ተቃውሞዎች አሉ። አንደኛው የቋንቋ ሊቃውንት ሁሉ የሚያውቁት ነው፤ የቃል ትርጉም አሁን የሚነገርበት እንጂ ጥንት የወጣበት አይደለም። ይህ ትክክል ነው፤ እኔም አልቃወመውም። ለአያቱ ናፍቆት ‹ብላይቲ› የሚል እንግሊዛዊ ጥፋተኛ አይደለም፤ ቃሉን እንዲተው የሚጠይቀውም ሊኖር አይገባም። ነገር ግን ትርጉም በአገባብ ይወሰናል ማለት ታሪክ አያስፈልግም ማለት አይደለም። እንዲያውም ትርጉም በአገባብ የሚወሰን ከሆነ፣ የእያንዳንዱን ዘመን አገባብ ከነተናጋሪው መመዝገብ ግዴታ ይሆናል። የእኔም ጥያቄ ከዚህ አያልፍም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቃሉ ቀልድ ነው፤ ቀልድን በዚህ ክብደት መመርመር ሚዛን ማጣት ነው የሚል ነው። ለዚህ የምሰጠው መልስ የአራዳ ቃል ዋና ባሕርይ ቀልድ መሆኑን በመቀበል ይጀምራል። ወታደሩ የናቀውን ቋንቋ ቃል ለወደዳት አገሩ ሲሰጥ የሚያውቀው ምጸት ነበረበት፤ እኔ ራሴ እዚህ የባዕድ ነኝ የሚል ጭላንጭል እውቀት በውስጡ ነበር። ቀልዱ የሚሠራው ሰሚው ሁለቱን ወገኖች ሲያውቅ ነው። የቃሉን ሕንዳዊ ወገን ስንረሳ የምናጣው ቁም ነገሩን ብቻ አይደለም፤ ቀልዱንም ነው።

ለምርምራችን የሚበጀው

ይህ የእንግሊዞችና የሕንዶች ጉዳይ ነው ተብሎ ሊታለፍ አይገባም። በ1868 መቅደላ የደረሰው የጄኔራል ናፒየር ጦር ከቦምቤይ የተነሣ፣ ወደ 13,000 የሚጠጋና አብዛኛው ሕንዳዊ የሆነ ጦር ነበር። በ1941 በከረንና በአምባ አላጌ ከኢጣሊያኖች ጋር ከተዋጉት መካከል የሕንድ አራተኛና አምስተኛ ክፍለ ጦሮች ነበሩ። ‹ብላይቲ›ን የወለደው የጦር ሰፈር ቋንቋ በተራሮቻችን መካከል አልፏል። ስለነዚህ ዘመቻዎች ስንጽፍ «እንግሊዞች» ብለን በአንድ ስም የምንጠቀልለው ጦር ውስጥ ለአብዛኛው ዘማች እንግሊዝ ራሷ ቪላያት፣ የባዕድ አገር እንደነበረች ማስታወስ ለእኛም የታሪክ ትክክለኛነት ጉዳይ ነው።

ከቋንቋችን ጋር ለሚሠሩ ተመራማሪዎችም ትምህርቱ ቅርብ ነው። «አገር ቤት» የሚለውን ሐረጋችንን እንውሰድ። ለአዲስ አበባ ነዋሪ የተወለደበት ገጠር ነው፤ በዋሽንግተን ወይም በጅዳ ለሚኖር ደግሞ መላው ኢትዮጵያ፣ አዲስ አበባም ጭምር ናት። ሐረጉ እንደ ‹ብላይቲ› ከሩቅ የሚነገር ነው፤ ርቀቱ ሲለወጥ የሚጠራው መሬትም ይለወጣል። መዝገበ ቃላቶቻችን ፍቺውን ቢሰጡም መቆሚያውን ካልመዘገቡ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚመጣ አንባቢ የስደትን ዘመን ታሪክ ከሐረጉ ሊያነብ አይችልም።

ስለዚህ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የአገርና የሕዝብ መጠሪያ በሆኑ ቃላት ላይ የሚሠራ ጥናት ከምንጭና ከፍቺ ጎን የተናጋሪውን መቆሚያ ራሱን የቻለ የመረጃ ዓምድ ያድርገው። ሁለተኛ፣ የአንድ ያረጀ ቃል መነሣት እንደ ነባሩ ቃል ቅጥያ ሳይሆን እንደ አዲስ ክሥተት ይጠና፤ ማን አነሣው? ለምን ጥቅም? ሲያነሣው ምን ጣለ? ተብሎ ይጠየቅ። ሦስተኛ፣ ውሰት ቃል ሲጠና በተዋሹ ቋንቋ መዛግብት ብቻ አይወሰን። የ‹ብላይቲ› ታሪክ በእንግሊዝኛ ማስረጃ ብቻ ቢጻፍ የአንድ ወታደራዊ ቀልድ ታሪክ ነው፤ የኢቴሳሙዲን የፋርስኛ መጽሐፍ፣ የቤንጋል የእምቢታ ጥሪና የፑንጃብ ቁስለኞች ደብዳቤ ሲጨመሩበት ግን የአንድ ግዛት ታሪክ ይሆናል።

ዛሬ በለንደን ጎዳናዎች ከሲልሄት የመጡ ቤተሰቦች ልጆች የሚኖሩበትን አገር በአያቶቻቸው አፍ ‹ቢላት› ሲባል እየሰሙ ያድጋሉ። በጎረቤታቸው ያለው ሱቅ በደጁ ላይ ‹ብላይቲ› ብሎ ጽፎ ይሆናል። ሁለቱ ቃላት አንድ ናቸው፤ አንዱ ከሩቅ መጥቶ አገር የሆነበትን ቦታ፣ ሌላው አገር ሆኖ የራቀበትን ዘመን ይጠራል። ጎን ለጎን የሚኖሩ ሰዎች አንድ ቃል እንደሚጋሩ ሳያውቁ መኖራቸው የቃሉ ጥፋት አይደለም። ያንን ማሳወቅ የእኛ፣ የቃላትን ታሪክ እናጠናለን የምንል ሰዎች ሥራ ነው።